አንቀልባና አማና

ሙሀባ ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ያለውን አገር በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር። ወዲህ ያለውን ግን አብጠርጥራ ታውቀዋለች፤ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት፣ የማሾውን ማሳ፣ በወንዙ ዳር የተዘረጋውን የሽንኩርት መደብ፣ ቀትር ላይ ሰውንም ፍየሉንም ከማንጎ ዛፍ ሥር የሚያስተኛውን ድብታ ሁሉ። ከዋሻው ወዲያ ብርድና ጉም ነው ይባላል። የጭነት መኪና ረዳቶች ከላይ ሲወርዱ ጋቢ ተከናንበው ይመጣሉ፤ እሷ ፓፓያ ከምትሸጥበት ጥላ ሥር ሲደርሱ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ላባቸውን ጠርገው ይገዟታል። ከዚህ ተነስታ ሙሀባ በልቧ የወሰነችው ነገር ነበር፦ ውጭ አገር የሚባለው ዋሻውን እንዳለፉ ይጀምራል። ልጇ ፋዲላም ያለችው እዚያው፣ ከጉሙ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው።

ሞኝ ሆና አይደለም። ዓለም ሰፊ መሆኗን በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ነግረዋታል፤ ስሟን መጻፍም ያኔ ነው የተማረችው። ግን ሰው የሚወደው ሰው የሄደበትን አገር በልቡ ቀረብ አድርጎ ካላስቀመጠው እንዴት ብሎ ይኖራል? በሙቀቱ ሰዓት ከማንጎው ሥር ጋደም ስትል ዋሻው ይታያታል። ጨለማውን ታልፋለች፣ ነጭ ጉም ውስጥ ትገባለች፣ ፋዲላ ደግሞ ከጉሙ ወዲያ ቆማ ልብስ ታሰጣለች። ሰው ፓፓያ ሊገዛ ሲቀሰቅሳት ትናደድ ነበር።

ፋዲላ የሄደችው አብዮቱ በፈነዳ ማግሥት ነው። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ቤት ልጅ ትጠብቅ ነበርና፣ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ ልጆቹ ያለ ፋዲላ አንሄድም ብለው አለቀሱ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች፤ ሁለቱ ዓመት ስምንት ሆነ። ቶሪኖ በሚባል ከተማ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አገባች። ጎረቤት ስለ ባሏ ሃይማኖት ሲጠይቃት ሙሀባ «ሰልሟል ብላኛለች» ትላለች፣ «ብላኛለች» የምትለዋን ለስለስ አድርጋ። ልጅቷ መጥታ እንዳትጠይቃት ደግሞ ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያን ዘመን ወጥቶ የቀረ ሰው ተመልሶ ቢገባ እንደገና ለመውጣቱ ዋስ የሚሆነው አልነበረም።

በሰባ አራት ክረምት ከስልክ ቤቱ የጥሪ ወረቀት መጣላት። ሄዳ ቀፎውን ስትይዝ የልጇ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ደረሳት።

«እማ፣ አርግዣለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ነው ያሉኝ። ነይልኝ፤ የግብዣውን ወረቀት እልካለሁ።»

«በምን ልምጣ?»

«በአውሮፕላን ነዋ።»

«ዋሻውስ?» አለች ሙሀባ።

ፋዲላ ሳቀች፤ ሳቋ ዘግይቶ መጣ። «ከዋሻው በላይ ነው የሚያልፈው፣ እማ።»

የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ይህን የማያውቅ የይፋት ሰው የለም። ሴት ልጅ ወሯ ሲገባ ወደ እናቷ ትሄዳለች። እናት ገንፎዋን ታገነፋለች፣ ወገቧን ታስራለች፣ አርባው እስኪሞላ ከደጃፍ አታስወጣትም። ልጅ መምጣት ካልቻለች እናት ትሄዳለች። ፋዲላ በባዕድ አገር ስታምጥ «አይዞሽ» የሚላት ሰው በቋንቋዋ ካልተገኘ፣ ሙሀባ ወልጃለሁ ብላ አፏን ሞልታ ለመናገር የምትደፍር አይመስላትም ነበር። እንቅልፍ ያሳጣት ይኸው ነው።

ወሬው ሲሰማ ሐጂ ነጅሙዲን መጡ። ከሰፈሩ ባሕር የተሻገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአሰብ በኩል በመርከብ መካ ደርሰው መጥተዋል። ቪዛ የሚባል ነገር መጠየቅ እንዳለባት ስትነግራቸው ጢማቸውን አሻሹ።

«ጣሊያኖቹ መጥተው የኛን ተራራ ለዋሻው ሲበሱ ቪዛ የጠየቃቸው ማነው?» አሉ።

ቢሆንም ጉዞውን ባርከው፣ የባሕር ማዶ መንገደኛ ማድረግ የሚገባውን ነገሯት። ባሕር የሚሻገር ሰው እንደሚሞት ሰው ነው፤ መመለሱን አላህ ያውቃል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ አውፍ በሉኝ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ያለውንም ለሰው አከፋፍሎ ቀሎት ይወጣል። ሐጂም ያኔ እንዲህ ነበር ያደረጉት።

ሙሀባ እንደተባለችው አደረገች። ቤት ለቤት ዞራ «በአፌም በእጄም የበደልኳችሁ ካለ አውፍ በሉኝ» አለች። ከሰይዳ ጋር በአንዲት ዶሮ ሰበብ ስንት ዘመን ተኳርፈው ነበር፤ ተላቅሰው ታረቁ። ከዚያ ፍየሏን ለሰይዳ ሰጠቻት። የጠፍር አልጋዋን፣ ድስቷን፣ የፓፓያ መሸጫ ጥላዋን ሳይቀር ለየሰዉ አደለች። ቤቷን ደግሞ ለሐምዲያ ለቀቀችላት። ሐምዲያ የሟች እህቷ የአሲያ ልጅ ናት፤ ከተዳረች ዓመት አልሞላትም፣ ከአማቶቿ ጓዳ ተጣብቃ ነበር የምትኖረው።

«ምነው ሙሀባ፣ ልትሄጂ ነው ወይስ ልትሞቺ?» አለች ሰይዳ ፍየሏን በገመድ እየሳበች።

«ኒያው፣ የልብ ሐሳቡ፣ አንድ ነው» አለች ሙሀባ።

ለማንም ያልሰጠችው አንቀልባዋን ብቻ ነው። ፋዲላን ያዘለችበት፣ ዛጎል የተሰፋበት፣ በቅቤ ታሽቶ የለሰለሰ ቆዳ ነው። የሚወለደውን ልጅ ልታዝልበት በነጠላ ጠቅልላ ያዘችው።

አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ ጆሮዋ ተደፈነ። ከዚያ ዋሻው መጣ። ጨለማው ልክ እንዳለመችው ነበር፤ ከወዲያ ሲወጡም ልክ እንዳለመችው ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ሙሀባ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውጭ ስታይ በጉሙ ውስጥ ሴት ልጅ ልብስ ስታሰጣ የምታያት መሰላት። የታየቻት በግ የምታግድ ሴት ሆና ተገኘች። ቢሆንም ሙሀባ አልከፋትም። እጇን አውለበለበችላት።

አዲስ አበባ የባሏ የወንድም ልጅ ሳልህ ተቀበላት። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ ቸር ሰው ነው፤ ለመውጫ ቪዛው ዋስ ሆኖ ፈረመላት፣ ከቢሮ ቢሮ ሲያመላልሷት አብሯት ተንከራተተ፣ መጨረሻም የኢጣሊያ ኤምባሲ ደጃፍ ድረስ አደረሳት። ውስጥ አንዲት ፀጉሯን ያሳጠረች ወጣት ፈረንጅ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አስተርጓሚው አቶ ካሳሁን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ።

«ባለቤትዎ አሉ ወይ ትላለች» አለ ካሳሁን።

«ነፍሱን ይማረውና ሞቷል።»

«ሌላ ልጅስ?»

«ያለችኝ እሷው ናት፤ እዚያ ያለችው።»

«ቤት አለዎት?»

«ነበረኝ። ሰጥቻለሁ።»

ካሳሁን ሳይተረጉም ቀና ብሎ አያት። «ከብትስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንድ ፍየል ነበረችኝ፤ እሷንም ሰጥቻለሁ። አልጋዬንም ሰጥቻለሁ። ሰዉን ሁሉ አውፍ አስብዬ፣ ከማንም የምፈልገው ማንም የሚፈልግብኝ ሳይኖር ነው የመጣሁት» አለች ሙሀባ በኩራት። ጨዋ መንገደኛ መሆኗን እንዲያውቁላት ነው።

ካሳሁን ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ ቤት አለኝ ይበሏት።»

«አውፍ ተባብዬ በወጣሁበት መንገድ ልዋሽ?»

ምን ያድርግ፤ ያለችውን ተረጎመ። ፈረንጇ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እያዘነች እንደሆነ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ግን አገሯን ለአጭር ጊዜ ልጎብኝ ብላ የመጣች ሴት ቤቷን፣ ከብቷንና አልጋዋን አድላ ከሆነ፣ ለመመለሷ ምን ማስረጃ አለ? ራሷን ነቀነቀችና ፓስፖርቱን መለሰችላት።

ካሳሁን እስከ በሩ ሸኛት። «እናቴ፣ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ወደ አገርዎ መልሶ የሚስብዎትን ገመድ ነው። እርስዎ ቆርጠው መጡ» አላት። «ገመድ ካገኙ ተመልሰው ይምጡ። እኔ አለሁ።»

በመመለሻው መንገድ ዋሻውን ሲያልፉ ሙሀባ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የቆላው ሙቀት ሲቀበላት ነው ያለቀሰችው። አንቀልባውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን እያባበለችው፣ ጀውሃ የሚወርዱ ነጋዴዎች እያዩዋት አለቀሰች።

ሰው አዘነላት፤ አማትም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሉ ነበሩ። ሐምዲያ በገዛ ቤቷ ስታስተናግዳት እፍረቱ ሁለቱንም አስጎነበሳቸው። ልጅቷ አልጋ ልታነጥፍላት ስትነሳ ሙሀባ እምቢ ብላ ሰሌን ላይ ተኛች። ሰይዳም በማግሥቱ ፍየሏን እየጎተተች መጣች።

«ይኸው እንስሳሽ። ቤትሽንም ተረከቢ። ሄደሽ አለኝ በያቸው» አለቻት።

«የሰጠሁትን ልቀበል? ሰጥቶ መልሶ መውሰድ የውሻ ነው፣ ሰይዳ። ልጄን ላይ ብዬ ከልጄ ፊት የምቆምበትን ፊት ላጥፋ?»

«ግትር» አለች ሰይዳ። ተቀምጣ አብራት አለቀሰች።

ነገሩ ሐጂ ነጅሙዲን ጆሮ ሲደርስ በጣም ደነገጡ። ምክሩ የሳቸው ነበርና። ዱዓ ያደርጉ ከነበሩበት ተነስተው በምርኩዛቸው እየተመሩ መጡ፤ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ከአፏ ሰሙ፤ የካሳሁንን ገመድ ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ ያሳጠርኩብሽ ግን እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎ ነበር። «የሰጠሽውን አትቀበይም። እሱ ልክ ነው። ግን አማና ቢሰጡሽ እምቢ ትያለሽ?»

አማና እምቢ አይባልም። ሰው ንብረቱን «ያዥልኝ» ብሎ እጅሽ ላይ ካስቀመጠ፣ ሲጠይቅሽ መመለስ ነው። የሰው አማና ይዞ የሚጠፋ ሰው በዚህ ዓለም ጎረቤት፣ በወዲያኛው መሸሸጊያ የለውም። ሙሀባ የሐጂን ፊት አየች፤ ሲገባት ቀስ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሙሀባ ይመላለስ ያዘ። ሐጂ ከመካ ያመጡትን መቁጠሪያ፣ ሙስበሐቸውን፣ አስቀመጡ። ሰይዳ ፍየሏን አመጣች፤ አሁን የራሷ ናትና ደረቷን ነፍታ «አደራሽን፣ አማና ናት፤ ቀንዷ ቢሰበር ከአንቺ ራስ አልወርድም» አለች። አንዱ ሞፈር አስቀመጠ፣ አንዷ የሙሽርነት ድሪዋን። ሙሀባ ሁሉንም በየማዕዘኑ አስቀመጠች፤ ስትሄድ የሚጠብቅላት የሐምዲያ ባል ሆነ፣ ተጠያቂዋ ግን እሷው ናት። ሐምዲያ መጨረሻ ላይ ባዶ እጇን መጣች። ጨርቋን እየቆነጠረች ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አክስቴ፣ እኔ የማስቀምጠው የለኝም። ግን አርግዣለሁ፤ ጥር ላይ ነው። እናት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። እሱን... እሱን ያዥልኝ» አለች ሆዷን እያየች።

ሙሀባ የተቀበለቻቸው አማናዎች ሁሉ እንደ ቀልድም፣ እንደ ብልሃትም ነበሩ። ይህ ግን ቀልድ አልነበረም። ልጅቷን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስደገፈቻት። አሲያ ስትሞት ያላወጣችው እንባ ያን ቀን መጣ።

ለኤምባሲው የምታሳየውን ወረቀት የሚጽፍላት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ወንድሙ ክርስቲያን ነው፤ ሙስበሐውንም አማናውንም እንዴት ብሎ እንደሚጽፈው ግራ ገባው። «በአደራ የተረከበቻቸው ንብረቶችና ግዴታዎች» ብሎ ጀመረ፤ ፍየሏን፣ ሞፈሩን፣ ድሪውን ጻፈ። ሐምዲያ ጋ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ። «ይሄ ንብረት ነው ግዴታ?» አለ። «ጻፈው ብቻ» አሉት ሐጂ። ጻፈው። ማኅተሙን በትንፋሹ ሃ ብሎ አሟሙቆ መታበት።

አዲስ አበባ ስትደርስ ያቺው ፈረንጅ፣ ያው ካሳሁን። ካሳሁን ወረቀቱን ሲያነብ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። መተርጎም ጀመረ፤ ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ቆየት ብላ ፈገግታውን ተወችው። ረጅም ነገር ጠየቀችው።

«ባይመለሱስ ምን ይመጣብዎታል ትላለች» አለ።

«የሰው አማና በልቼ?» አለች ሙሀባ። ጥያቄው ራሱ አስደነገጣት። «በቂያማ ቀን ማን ፊት እቆማለሁ? አንቺ ልጄ፣ ቤትማ ይቀራል፣ ከብትም ይቀራል። አማና እንዴት ይቀራል?»

ካሳሁን ይህን ለመተርጎም ብዙ ለፋ። ሴትዮዋ ጣቷን የወረቀቱ መጨረሻ ላይ አደረገች።

«የዚች ልጅ እናት የት ናት ትላለች።»

«ሞታለች። እህቴ ነበረች።»

ፈረንጇ ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ ስታየው ቆየች። ከዚያ ፓስፖርቱን ሳበችና ማኅተሙን መታችበት። አርባ ቀን የጠየቀችውን ሠላሳ ነው የሰጠቻት። ሐጂ በኋላ ሲሰሙ «አሥሩን ለዋሻው ቀንሰዋል» አሉ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ሙሀባ መስኮቱ ሥር ነበረች። ከታች ደመና ብቻ ተዘርግቷል፤ የጣርማ በርን ቀዳዳ ስትፈልግ አንገቷ እስኪያማት ወደ ታች አየች። እንቅልፍና ንቃቷ ተቀላቀለ። ነጩ ጉም ማለቂያ የለውም ነበር፤ ይህኔ ነው ከዋሻው ወዲያ ያለው አገር ስንት እንደሚሰፋ የገባት። አንቀልባውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

በሰዓቱ ደረሰች። ፋዲላ ስታምጥ እጇን የያዘችው እሷ ናት። ነጭ የለበሱት ነርሶች በቋንቋቸው ሲናገሩ፣ ልጇ «እማ፣ እማ» ስትል፣ ሙሀባ «አይዞሽ፣ እዚሁ ነኝ» እያለች በሮቢት አማርኛ ስታባብል፣ ሌላ ምንም አልቀራትም። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሴት ልጅ ተወለደች፤ አሲያ አሏት። ዳቦ ጋጋሪው ባል ገንፎ ማገንፋቱን ከአማቱ ተማረና እጁ ላይ ዱቄት እንደያዘ እያለቀሰ ይስቅ ነበር። ሙሀባ ወደደችው። ስለ ሃይማኖቱም ሳትጠይቀው ቀረች።

ከዚያ በረዶ መጣ። ሙሀባ ሕፃኗን በአንቀልባው አዝላ መስኮቱ ጋ ቆማ ታየዋለች፤ ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ቀኑ እንደ ቀትር ድብታ ያልፍ ነበር፣ ያለ ሙቀቱ ብቻ። ሠላሳው ቀን ሊሞላ ሲል ፋዲላ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«እማ፣ ቅሪልኝ። እዚህ የቀረው ሰው ስንት ነው። ማንም አይዝሽም።»

ሙሀባ ልቧ አልሸፈተም ብንል ውሸት ነው። ጀርባዋ ላይ የተኛችው ሕፃን ትንፋሿ ይሰማታል፤ ልጇ ትከሻዋ ላይ ራሷን አሳርፋለች። ይህ ሁሉ ከማንጎው ሥር ያለመችው ነው፤ ከሕልም ሰውን ማን ይቀሰቅሰዋል? እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የሕፃኗን እግር ያዘች።

«የአክስትሽን ልጅ እጄ ላይ አስቀምጠውብኛል» አለች በመጨረሻ። «ጥር ላይ ነው። አንቺ እማ ትያለሽ፤ እሷ እማ የምትለው የላትም፣ ፋዲላ።»

ፋዲላ አለቀሰች፣ ተቆጣችም። በማግሥቱ ግን ራሷ ሻንጣውን አዘጋጀች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሙሀባ ሕፃኗን አወረደች፣ ሳመቻት፣ አንቀልባውን አጣጥፋ ለልጇ አቀበለቻት።

«እማ፣ ይሄን የመሰለ ስጦታ...» አለች ፋዲላ።

«አልሰጠሁሽም» አለች ሙሀባ። «አማና ነው። ያዥልኝ።»

ፋዲላ ቀና ብላ እናቷን አየች። የይፋት ልጅ ናትና ማስረዳት አላስፈለገም። አንቀልባውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ጥር ላይ ሐምዲያ ወንድ ልጅ ወለደች። ሙሀባ ገንፎውን አገነፋች፣ ወገቧን አሰረች፣ አርባው እስኪሞላ ከደጃፍ አላስወጣቻትም። ከዚያ በፊት ሙስበሐውን ለሐጂ፣ ድሪውን ለባለቤቷ፣ ፍየሏን ከነግልገሏ ለሰይዳ መልሳለች። አንድ ቀን ልጁን በነጠላ አዝላ ስታባብል ሰይዳ መጣች።

«ምነው በነጠላ? ያ ዛጎል ያለው አንቀልባሽስ?» አለቻት።

ሙሀባ ልጁን ጀርባዋ ላይ አስተካከለችው። ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ በሙቀቱ ይርገበገባል።

«ሰው ዘንድ አስቀምጬዋለሁ» አለች። «ታመጣዋለች።»

ሰይዳ ማን እንደሆነች አልጠየቀችም። ዞር ብላ እሷም መንገዱን አየች።